ከፈጠም ማዶ የገባሁት ቃል

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር ፲፫ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ዛሬም ራሴን አሞኛል። የጥምቀት ጭፈራ ያመጣብኝ ነው ብዬ አስወራሁ፤ ማንም አላመነኝም። እኔም አላመንኩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቡሬው እህል ነጋዴ አቶ ታከለ በጥምቀት ማግስት ወደ አባቴ ሽማግሌ ላከ። አባቴ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ደግሞ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለው ደብራቸው ሆነው እንዲህ ብለው ላኩብኝ፦ «አስካለ፣ ያኔ ሳልጠይቅሽ ዳርኩሽ። ዘንድሮ ጠይቄሻለሁ። መልስሽን ከቅበላ በፊት አሰሚኝ።» ያኔ ያሉት በልጅነቴ ድረውኝ ነፍስ ሳላውቅ የተፈታሁትን ነው። ከዚያ በኋላ ነው ፊደል አስቆጥረው፣ ትምህርት ቤት አስገብተው፣ ለአስተማሪነት ያበቁኝ። የሚጠይቅ አባት ያላት ሴት ደስ ሊላት ይገባል። እኔን ራስ ምታት ያዘኝ።

አቶ ታከለ ምን ይወጣለታል? አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ የቆርቆሮ ክዳን ቤት አለው። ይህን የቆርቆሮ ነገር ሰው ሁሉ እየደጋገመ ስለሚነግረኝ ዛሬ ለሦስተኛ ክፍል ልጆች ማባዛት ሳስተምር «ሰባት ጊዜ ስምንት ቆርቆሮ» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ልጆቹም በጨዋነት ገለበጡት።

ጥር ፲፮

አብሬያቸው የምኖረው አክስቴ እትዬ አልጣሽ ፈረዱ። «ይህ ራስ ምታት የሐኪም አይደለም። የጠበል ነው።»

«የት ያለ ጠበል?»

«ኮሶበር።»

ኮሶበር ከፈጠም ወንዝ ማዶ፣ አገው ምድር አውራጃ፣ ደጋ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ፍኖተ ሰላም ዙሪያውን ጠበል ሞልቶ ሳለ ድንበር መሻገር ለምን አስፈለገ ብዬ ብጠይቃቸው ጉልበታቸውን ያሻሹ ጀመር። እውነቱን እኔም አውቃለሁ። በእኛ አገር አንዲት ባልቴትና አንዲት አስተማሪ «ደክሞናል፣ ወጣ ብለን እንናፈስ» ቢሉ አገር ይስቅባቸዋል። «ጠበል ልንጠመቅ ነው» ካሉ ግን ጎረቤት ስንቅ አስይዞ መርቆ ይሸኛቸዋል። እትዬ አልጣሽ በዚህ መንገድ የጎጃምን ግማሽ አይተዋል፤ ጉልበታቸውም እንደ ብረት ነው።

የዓመቱ አጋማሽ ፈተና አልቋል። አንድ ሳምንት ዕረፍት አለኝ። ሲያሸክፉ አየሁ፦ ለጠበል አንድ የጆንያ ቀሚስ፣ ሁለት የክት ቀሚስ። ለጠበል የክት ቀሚስ ምን ያደርጋል ብላቸው፣ «ጊዮርጊስ በቡቱቶ እንዲያየን ነው የፈለግሽ?» አሉኝ።

ጥር ፳፣ ቡሬ፣ መንገድ ላይ

ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩ ይሳደባል። የቆምነው የት ፊት? አቶ ታከለ መጋዘን ፊት። ከቡሬ ሌላ ቦታ ጠፍቶ።

ወንበር አወጣልን። ትኩስ ዳቦ አስመጣ። በጨዋነት ፊቴን አላየም፤ ለእትዬ አልጣሽ ብቻ «ጠበሉ ይሥራላችሁ» አለ። ደግ ሰው ነው። ደግ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ ጻፍኩት እንዴ? ጎማው ተሠርቷል፣ ልግባ።

ጥር ፳፣ ኮሶበር

ደረስን። እጄ ከብርድ የተነሳ ብዕር አልጨብጥ ብሏል፤ ግን ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የፈጠምን ድልድይ ስንሻገር እትዬ አልጣሽ አማተቡና «በይ ዳሞት አበቃ፤ እንግዲህ የሚያውቀን የለም» አሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጃገረድ ሆኑ። መኪናው ዳገቱን ሲያያዘው አየሩ ተለወጠ፤ ቀርከሃው ግራና ቀኝ እየተንሿሿ፣ ጉሙ በመስኮት እየገባ። ራሴን አላመመኝም። ጠበሉ ጋ ሳንደርስ ድኜ ቢገኝስ ብዬ ደነገጥኩ።

ያረፍነው እማማ ንግሥቴ ቤት ነው። ባላቸው ሳይሞቱ ቡሬ የእትዬ አልጣሽ ጎረቤት ነበሩ። ሁለቱ ሲገናኙ ተቃቅፈው አለቀሱ፣ ቀጥለው ሳቁ፣ ቀጥለው የሞተውንና ያገባውን መቁጠር ጀመሩ። ቤት ውስጥ ልጃቸው አደይ አራስ ናት፤ ባሏ ለንግድ ዳንግላ ወርዷል። የአደይ ሕፃን ጡጫዋን ጨብጣ ስትተኛ ከሰው ጋር የተጣላች ትመስላለች። ወደድኳት።

የአደይ ታላቅ ወንድም ዳኘውም አለ። አባቱ የተዉለትን መሬት ያርሳል፣ ፈረስ ያረባል። ስምንተኛ ክፍል ደርሶ ነው የተመለሰው። ያደረግኩትን የሱፍ ቆብ አይቶ፣ «አስተማሪዋ፣ ይህ ቆብ ጆሮም አለው?» አለኝ። ባለጌ። ስለ እሱ ይህን ያህል ይበቃል።

ጥር ፳፩

ጠበል። በማለዳ። በጥር። በኮሶበር።

አንገቴ ላይ ሲያፈሱብኝ የጮህኩትን ጩኸት እኔ ራሴ አላውቀውም። አባ ወልደ ዮሐንስ፣ አጥማቂው፣ «ጋኔኑ ሊወጣ ነው» ብለው ደግመው ቸለሱብኝ። ጋኔን የለብኝም ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ በዚህ ምክንያት ሦስተኛ ተጨመረልኝ። እትዬ አልጣሽ ጎን ሆነው በሳቅ ፈረሱ፤ የእሳቸው ተራ ሲደርስ ጉልበታቸው በአንድ ጊዜ ዳነና «ለነገ እናቆየው» አሉ።

ስመለስ ዳኘው ፈረሶቹን ሊያጠጣ ይነዳል። «አንቺ ነሽ የጮህሽው?» አለኝ።

«አይደለሁም።»

«ደግ። ፈረሶቼ ግን ደንብረው አንዱ ፋግታ አገር ድረስ ሸሽቷል።»

እሳት ዳር ተቀምጬ ብቻዬን ስቅ አደይ አየችኝ። ጠበሉ ነው አልኳት።

ጥር ፳፫፣ የጊዮርጊስ ዕለት

ይህን ዛሬ ካልጻፍኩ መቼም አልጽፈው።

ዛሬ የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። ሜዳው ጠዋት ባዶ ነበር፤ ከዚያ ከየአቅጣጫው ፈረስ ይፈስ ጀመር። ግንባራቸው ላይ ቀይ የክር ወዘባ ያጠለቁ፣ ኮርቻቸው ያጌጠ፣ ሽማግሌው ሳይቀር እርካብ ላይ ቆሞ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። የክት ቀሚሴን ለብሻለሁ። እትዬ አልጣሽም ለብሰዋል። ለካ ሁለት ያመጡት አስበውበት ኖሯል።

ዳኘው ዳማ ፈረሱን ይዞ በፊታችን ሲያልፍ ጋቢውን አወለቀና «ያዥልኝ» ብሎ ጉልበቴ ላይ ጣለው። ለምን ለእኔ? እናቱ አጠገቤ አሉ። ያዝኩት። ሲጋልብ አየሁት። ምን ብዬ ልጻፈው? አባቴ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ፤ አባቴ ይህን ፈረስ አላዩትም። እጄን ዘርግቼ እየጮህኩ እንደነበር ያወቅኩት አጠገቤ ያሉ ሴቶች ዞር ብለው ሲያዩኝ ነው። ቀጥለው ያዩት ጋቢውን ነው። ቀጥለው እርስ በርስ ተያዩ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ እትዬ አልጣሽ፣ «ራስ ምታትሽ እንዴት ነው?»

«የቱ ራስ ምታት?»

«እሱን ነው የምልሽ» አሉ።

ጥር ፳፬

ወደ ዘንገና ሐይቅ ወሰዱን። ክብ ነው፣ ጥልቅ ነው፣ ዙሪያውን ደን ነው። ስለ ሐይቁ ልጽፍ ነበር። ዳኘው ግን መንገዱን ሙሉ ስለ ተማሪዎቼ ሲጠይቀኝ ዋለ፤ የቆርቆሮውን ነገር ብነግረው ከበቅሎዬ ፊት ቆሞ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ወዲያው ግን «ቆርቆሮው የማን ነው?» አለኝ። «የሰው» አልኩት። ከዚያ ከበቅሎዬ ቀድሞ ሄደ።

ለአቶ ታከለ መልስ አልሰጠሁም። የሚያስቸኩል ነገር የለም። ቅበላ ገና ነው። ገና ነው።

ጥር ፳፮

ደስታ ነው የዛሬው። እጽፈዋለሁ።

እትዬ አልጣሽ ጠበል ወርደው ነበር (ለወሬ እንጂ ለመጠመቅ አይደለም)። እማማ ንግሥቴና አደይ ጠርተው መሐላቸው አስቀመጡኝ። ሁለት ጎረቤቶችም ነበሩ፤ አንዷ እታለም የምትባል ሴት ናት። እማማ ንግሥቴ ሕፃኗን እቅፌ ላይ አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ የመሪጌታ ልጅ ነሽ፣ ዳዊት ትደግሚያለሽ፣ ልብሽ ንጹሕ ነው። ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ይህችን ልጅ ክርስትና አንሺልን» አሉኝ።

ሰው ቤት እንግዳ ሆኜ በመጣሁ በሳምንቴ እንዲህ ያለ ክብር። ንግግራቸውን ሳይጨርሱ እሺ አልኩ። እልል አሉ። እታለም ጉንጬን ሳመችኝ። ሕፃኗ እንኳ ያን ጡጫዋን ፈታችው። አሁን የዚህ ቤት ሰው ሆንኩ ማለት ነው፤ በየዓመቱ ኮሶበር ለመምጣት ጠበል ማሳበብ አያስፈልገኝም። ይህን ሳስብ ወለሉ ላይ ልዘል ምንም አልቀረኝ።

ዳኘው ደጃፉ ላይ ቆሞ ሰምቶ ነበር። «እንኳን ደስ አላችሁ» አለና ፈረሱን ላጠጣ ብሎ ወጣ። ፈረሱን አጠጥቶ መመለሱ ነበር።

ጥር ፳፯

ዛሬ «አስተማሪዋ» አላለኝም። «እህቴ» አለኝ። መሬት መሬት እያየ።

ደስ ይበልህ አልኩት።

ምሳ አልበላ አለኝ። ድንች ስለሆነ ይሆናል። ድንች ግን እወዳለሁ።

ጥር ፳፰፣ ፍኖተ ሰላም

ተመለስን። አውቶቡሱ ውስጥ የኮሶበርን ትልቅ ዜና ለእትዬ አልጣሽ ነገርኳቸው። እማማ ንግሥቴ ራሳቸው የሚያበስሯቸው መስሎኝ እስካሁን ዝም ብዬ ነበር። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ምን አልሻቸው?»

«እሺ አልኳቸዋ።»

ክንዴን ቆንጥጠው አስጮሁኝ። ሰው ሁሉ ዞረ። «የመሪጌታ ልጅ! ክርስትና ያነሳ ሰው ከልጁ ቤት እንደማይጋባ የሚነግርሽ አጣሽ? ውሃው ከፈሰሰ በኋላ የልጁ ዘመድ ሁሉ ዘመድሽ ነው። አባቷም፣ አያቷም፣ አጎቷም። አጎቷም፣ ሰማሽ?»

«ታዲያ ማን ላግባ አለ?»

«ማንም» አሉ። እስከ ቡሬ ድረስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀመጡ። ከቡሬ በኋላ፣ «ያን ጋቢ ስትይዢ ምን ይዘሽ መሰለሽ?» አሉኝ።

አውቀዋለሁ እኮ ሕጉን። ከልጅነቴ ጀምሮ አባቴ ሲያስተምሩት ሰምቻለሁ። ብቻ ያን ዕለት ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ሌላ ነገር ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አይመስለኝም። ለነገሩ ምን ቸገረኝ። አልቸገረኝም።

የካቲት ፬

አልቸገረኝም።

የካቲት ፱

ትምህርት ተጀምሯል። ለእማማ ንግሥቴ «አይመቸኝም» ብዬ ልልክ አሰብኩ። ለምን ቢሉኝስ? «ልጅዎን ስለምፈልገው» ይባላል? ሴት ልጅ ይህን አፍ አውጥታ ብትናገር አገር ምን ይላል? ደግሞስ እሱ ይፈልገኛል ያለው ማን ነው? ስለ ቆቤ ቀልዷል፤ ጋቢ አስይዞኛል። ጋቢ በሚስማር ላይም ይሰቀላል።

ከአቶ ታከለ መጋዘን የመጣ ሰው ለእትዬ አልጣሽ አንድ ቁና ሽምብራ አምጥቷል። «ለጾሙ» ብሏል። ደግ ሰው ነው። ለምንድን ነው እንዲህ ደግ የሚሆነው?

የካቲት ፲፮፣ ኪዳነ ምሕረት

አባቴ ለበዓሉ መጡ። ማኅሌት ቆመው አድረው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ግን ደስ ብሏቸዋል። እጃቸውን ሲታጠቡ ጊዜ ጠብቄ ጠየቅኳቸው። በዘዴ ነው የጠየቅኩ።

«አባባ፣ አንዲት ተማሪዬ ክርስትና ላነሳ ብላ ቃል ገብታ ነበር...»

«የሦስተኛ ክፍል ልጅ ክርስትና ታነሳለች?»

«ተማሪ አይደለችም። አስተማሪ ናት።»

«ስንተኛ ክፍል ታስተምራለች?»

«ሦስተኛ።»

«እንግዲያው ታውቂያታለሽ።»

«ጥቂት።»

ፎጣውን ቀስ ብለው አጣጠፉ። የሕፃኗን አጎት ማግባት ትችል እንደሆነ ጠየቅኩ፤ ድምፄ ምን ሆኖ እንደነበር እግዜር ይወቀው። አባቴም፣ «ውሃው ሳይነካት ዝምድና የለም። ቃሏ ግን አለ» አሉ። «ቃሉን የገባችው በሰው ፊት ከሆነ፣ የምታፈርሰውም በሰው ፊት ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ልጄ፤ ለመመለስ ደግሞ ዳገቱን በእግር መውጣት ነው። ሰውየው ይፈልጋታል?»

«አታውቅም።»

«የቡሬውስ?»

እኔ ስለ ቡሬ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ፎጣውን ተቀብዬ ሰቀልኩ። ሲሄዱ ግን ራሴን ይዘው ከወትሮው ረዘም ያለ ምርቃት መረቁኝ፤ ከዚያም እንደ ዋዛ፣ «ያቺ አስተማሪ አንዱን ለቃ ሌላውን ሳትይዝ ሜዳ ላይ ልትቀር እንደምትችል ንገሪያት» አሉ።

የካቲት ፳፬

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ መልሴን ሰሙ፣ ሄዱ። እምቢ አልኩ። እትዬ አልጣሽ እንኳን ሊቆነጥጡኝ ጉልበት አጡ።

ቤት ውስጥ ብቻዬን ወዲያ ወዲህ እየተመላለስኩ «እምቢ ብያለሁ» እላለሁ፤ በሆነ ባልሆነው እስቃለሁ። ያበድኩ ነው የሚመስለኝ።

የካቲት ፳፮

አቶ ታከለ ራሱ መጣ። ከትምህርት ቤቱ በር ቆመን ተነጋገርን። «ተቀይሜ አይደለም» አለ፤ ተቀይሟል፣ መብቱም ነው። «ጠበሉ ሠርቷል ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ ቆቡን አድርጎ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው አሳዝኜ ምንም ሳይፈጠር ብቀር ይገባኛል። ዓይኑን ሳየው ልቤ ተሰበረ፤ እስከ ማታ አልቅሻለሁ። ያም ሆኖ ጥሩኝና ድጋሚ ጠይቁኝ፤ መልሱ ያው ነው።

መጋቢት ፲፩

ለሕፃኗ ነጭ ቀሚስና ማተብ ገዛሁላት። ቀሚሱ መዳፌን አያህልም።

እትዬ አልጣሽ ዘዴ አምጥተዋል። «እዚያ ስንደርስ እግሬ ወለም አለኝ በይ። ቆመሽ ሕፃን መያዝ አትችዪም። ሌላ ሰው ያነሳታል፣ ቃልም አልፈረሰ፣ ክብርም አልተነካ።» ይኸው ነው አሉ።

ዛሬ ክፍል ውስጥ ማንከስ ተለማመድኩ። የሦስተኛ ክፍል ልጆች በዕረፍት ሰዓት በሙሉ እያነከሱ ወጡ። ዲሬክተሩ ምን በሽታ ገባ ብለው ጠየቁኝ።

መጋቢት ፳፫፣ ኮሶበር

ደርሰናል። ከመኪና ሳልወርድ ማንከስ ጀመርኩ። እማማ ንግሥቴ በጣም አዘኑልኝ፤ ሙቅ ውሃ በጨው አድርገው እግሬን ሲያሹልኝ በሐፍረት ልቀልጥ ደረስኩ። ይህን ለሚያደርጉልኝ ሰው ነው የምዋሸው።

ዳኘው ሰላም አለኝ። «እንዴት ከረምሽ፣ እህቴ?» ቀጭኗል። እግርሽን ምን ሆንሽ ብሎ አልጠየቀም።

አደይ ሕፃኗን እያጠባች፣ «ወንድሜ ከጥር ጀምሮ በወጉ አናግሮኝ አያውቅም። ምን በደልኩት እላለሁ፤ አይናገርም» አለችኝ።

ከምድጃው ወዲያ ደግሞ እማማ ንግሥቴ ለአንድ ሰው «ዝም በል እንግዲህ። ቃል ገብታለች» ሲሉ ሰማሁ። ለማን? ምን ብሎ ነው ዝም በል የተባለ? ይህን እያገላበጥኩ እተኛለሁ፤ ብተኛ።

መጋቢት ፳፬፣ እሑድ

አሁን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከማድቤቱ ጀርባ ቀርከሃው ሥር ተደብቄ ነው የምጽፈው። እጄ ሽሮ ሸቷል። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሌሊት ተነስተን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። መንገድ ላይ እያነከስኩ እትዬ አልጣሽ ጠጋ ብለው፣ «ትናንት ግራው ነበር» አሉኝ። ቀየርኩት። ሕፃኗ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ እቅፌ ውስጥ ናት፤ ያቺ የተጣላች ፊቷ ዛሬ ተኝቷል። አደይ ሰማንያዋ ሞልቶ መጀመሪያ ጊዜ ወደ ደጀ ሰላሙ ስትገባ ሴቶቹ ዙሪያዋን ሞሉ። ዳኘው ከቅጥሩ በር ጋ ከአደይ ባልና ከሌሎቹ ወንዶች ጋር ቆሟል።

ከክርስትና ቤቱ ደጃፍ ቄስ ሃይለ ሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው ወጡ። «የክርስትና እናቷ ማን ናት?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ። አሁን እግሬን ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ነበር። መስቀሉን ሳይ ግን፣ ያን ውሸት እዚያ ደጃፍ ላይ፣ ሕፃኗን ታቅፌ፣ ማታ እግሬን ባሹልኝ ሴት ፊት ማውጣት አቃተኝ።

«እኔ ነበርኩ» አልኩ። «አሁን ግን አይደለሁም።»

ቄሱ መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ታመሻል ልጄ?»

«አልታመምኩም፣ አባ። እግሬም ደህና ነው።»

«ንስሐ ያልገባሽበት ነገር አለ?»

«ይህ ውሸት ካልሆነ በቀር የለም።»

«ታዲያ ቃልሽን ምን አፈረሰው?»

እማማ ንግሥቴ ከጎኔ ናቸው፤ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። የሕፃኗን ቀሚስ ማስተካከል ያዝኩ። ያኔ እትዬ አልጣሽ ሊያድኑኝ ዘለው ገቡ፤ «ስጪኝ፣ ስጪኝ፣ እኔ አነሳታለሁ» ብለው ሁለት እጃቸውን ወደ ሕፃኗ ዘረጉ። ሊይዟት ሲሉ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። እሳቸው አክስቴ ናቸው። እሳቸው ቢያነሷት ዝምድናው እኔው ጋ ይመጣል። እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰቡና «ኧረ እኔም አይሆንልኝም» አሉ።

ከዚህ በኋላ እኔ የምናገረው ምን ቀረ? የሴቶቹን ዓይን አየሁ። አንዷ ወደ እኔ፣ አንዷ ወደ እትዬ አልጣሽ፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ወደ ቅጥሩ በር፣ ወደ ዳኘው። የሆነች አሮጊት በአገውኛ የሆነ ነገር አለች፤ ሳቅ ተነሳ። ቄስ ሃይለ ሚካኤል ጢማቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ እየተመኘሁ፣ ደግሞ እንደ ፈረሶቹ ዕለት እጄን ዘርግቼ ልጮህ እየቃጣኝ፣ ልሳቅ ላልቅስ አልለይ አለኝ።

ቄሱ ግን አልለቀቁኝም። «በአፍሽ ተናገሪው» አሉ፣ በዝግታ። «በሰው ፊት የተገባ ቃል ነው።»

እንደ አባቴ። ልክ እንደ አባቴ።

«ከዚህ ቤት ሰው» አልኩ፣ «የክርስትናው ዝምድና እንዲከለክለኝ የማልፈልገው አለ። እሱ ይፈልገኝ አይፈልገኝ አላውቅም። ባይፈልገኝም ይህችን ልጅ ይዤ መዋሸት አልችልም።» ቀና ብዬ ያየሁት ሰው የለም። ሕፃኗን እታለም ተቀበለችኝና ይዛት ገባች። እጄ ባዶ ሲሆን የምይዘው ነገር አጣሁ።

ጸሎቱ ሲደረስ ውጭ ዛፍ ሥር ቆምኩ። የአደይ ልጅ ወለተ ጊዮርጊስ ተብላ ስትወጣ አለቀስኩ። አደይ አጠገቤ መጣችና በክርኗ ጎሸመችኝ። «ወንድሜ ያኮረፈኝ ለዚህ ኖሯል። ደደብ ነሽ፤ እኔ ደግሞ ከአንቺ እብሳለሁ» አለችኝ።

ዳኘው ግን አልመጣም። ፈረሱ ላይ ወጥቶ ሄደ። ከወንዶቹ ተለይቶ፣ ዞር ብሎ ሳያየኝ፣ የከተማውን መንገድ ይዞ ጋለበ። እንግዲያውስ ይኸው ነው አልኩ። አባቴ ያሉት ሜዳ ላይ መቅረት ማለት ይህ ነው። ከዚያ እስከ ቤት የሄድኩትን መንገድ አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው ባዶ መኪና ካለ ዛሬውኑ እንድንሄድ እትዬ አልጣሽን ስለምናቸው ነው።

ቤት ድግሱ ተዘርግቷል፤ የጾም ወጥ፣ ዳቦ፣ ጠላ። ለክርስትና እናት የተነጠፈው የክብር ቦታ ላይ እታለም ተቀምጣለች። እኔ ከበሩ አጠገብ፣ ለመውጣት በሚመች ቦታ ተቀመጥኩ። ያኔ ዳኘው ገባ። ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ነው የገባው፤ ከአንዱ ጋር በፈረስ ተፈናጥጠው፣ ሌላኛው ከኋላ በእግር እያለከለኩ። ከእናቱ ፊት ቆመና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ከፋሲካ በኋላ ወደ ቡሬ ገጠር፣ ወደ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ደብር የሚሄዱልኝ እነዚህ ናቸው፤ እርስዎ ይሁን ካሉ» አለ።

እማማ ንግሥቴ አልመለሱለትም። ወደ እኔ ነው የመጡት። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገሩኝም ነበር። ከላዬ ቆመው ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ።

«ማነው እዚህ እንግዳ አድርጎ ያስቀመጠሽ?» አሉ። «እግርሽ ደህና ነው ብለሻል። ተነሺ፣ ወጡን አሳልፊ።»

የወጥ ድስቱን እጄ ላይ አስቀመጡት። እትዬ አልጣሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ሲነፋረቁ ይሰማኛል። ከሽማግሌዎቹ ጀምሬ በዕድሜ ቅደም ተከተል እየጨለፍኩ መጣሁ፤ ዳኘው ጋ ስደርስ ፊቱን እያየሁ አንድ ጭልፋ ሽሮ አዲሱ ጋቢው ላይ ፈሰሰ። እማማ ንግሥቴ ከጓዳ ሆነው ለጎረቤታቸው፣ «አይዞሽ፣ ትለምዳለች፤ እኔም ሙሽራ ሆኜ ስመጣ እንዲሁ ነበርኩ» ሲሉ ሰማሁ።